ቶሎ ጀምሪ፣ ቀስ ብለሽ ስጪ

ልጄ፣ ወልቂጤ ድንገተኛ ክፍል መመደብሽን እናትሽ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። ባለፈው በስልክ ስናወራ ግን «ጋሼ፣ ሌላው ሁሉ ይለመዳል፤ እየተንቀጠቀጠ የመጣ ሰው ሳይ እጄ ይፈዛል» ያልሽኝ ከልቤ አልወጣ አለ። እኔ የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት እዚሁ ጉራጌ ውስጥ በነርስነት ነው። መርፌ ይዤ ከሚንፈራገጥ ክንድ ጋር የታገልኩበት ሌሊት ብዙ ነውና ያየሁትንና ከታላላቆቼ የተማርኩትን ልንገርሽ። የሚታዘዘውን ሐኪሙ ያዛል፤ የእኔ ምክር ትእዛዙ እጅሽ ከገባ በኋላ ስላለው ነው። ባጭሩ ቶሎ ጀምሪ፣ ቀስ ብለሽ ስጪ፣ ሕመምተኛውንም ያለ ክኒን አትሸኚ።

የሚጥል በሽታ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ መስቃንና ማረቆ ውስጥ ቤት ለቤት ዞረው ከ60,000 በላይ ሰው አዩ፤ 316 ሰው የሚጥል በሽታ እንዳለበትም አገኙ። ከ1,000 ሰው 5 ያህል ማለት ነው። ጥናቱ በፈረንጆቹ 1990 ታተመ፤ ዛሬም ስለዚህ በሽታ በአፍሪካ የሚጽፉ ብዙዎች ቡታጅራን ይጠራሉ። እኔን ግን የቁጥሩ ብዛት አይደለም ያስደነገጠኝ። ከነዚያ ሰዎች መካከል የታወቀ የሚጥል በሽታ መድኃኒት አግኝቶ የሚያውቀው 1.6 በመቶው ብቻ ነበር። የቀረው ክብሪት ተለኩሶ አፍንጫው ሥር እየተያዘለት፣ ለሃጩ ይጋባል ተብሎ እየተሸሸ፣ ቤት ውስጥ ተደብቆ ይኖር ነበር። በጉራጌ ቤት እሳቱ መሀል ላይ ነው፤ ብቻውን ሳለ የጣለው ሰው የት እንደሚወድቅ አንቺም ታውቂዋለሽ። ቁስላቸውን በእጄ ያሸግኩላቸው አሉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ፕራይም በተባለው ሥራቸው ሶዶ ወረዳ ላይ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የሚጥል በሽታን ራሳቸው እንዲያክሙ አሠልጥነዋል። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ጉብሬ ላይ ሆስፒታል አለው፤ አጣጥ ሆስፒታል ከ1960ዎቹ ጀምሮ ቸሃ ውስጥ አለ፤ ቡታጅራም ሆስፒታሏ አላት። ሰው ዛሬ ይመጣል። የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የሰዓቱን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ።

የጣለው ሰው ብዙውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ውስጥ ራሱ ይተወዋል። 5 ደቂቃ ካለፈው፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ራሱ ይተወዋል ብለሽ አትጠብቂ። ግማሽ ሰዓት ከሄደ አንጎል መጎዳት ይጀምራል፤ መድኃኒቱም እየዘገየ በመጣ ቁጥር ኃይሉ ይደክማል። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው። ቤተሰብ ከእዣ ወይም ከእኖር ተሸክሞት ሲመጣ ያለፈውን ሰዓት አስቢ፤ «አሁን ነው የጀመረው» ቢሉሽም መንገዱን ቁጠሪው። እነሱ መዋሸታቸው አይደለም፤ ሕመምተኛው መሀል ላይ ዝም ያለ መስሏቸው ነው። አንዳንዴ እጅ እግሩ ጸጥ ብሎ ዓይኑ ብቻ እየተርገበገበ አንጎሉ ግን መናጡን አላቆመም። ዓይኑን ገልጠሽ እዪ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ተረኛ ስትሆኚ ገና ማታ ስትገቢ ትሪውን ራስሽ እዪው። ዳያዜፓም ስንት አምፑል አለ? ፌኖባርቢታል አለ? ፌኒቶይን አለ? ኖርማል ሳላይን፣ የስኳር መለኪያ፣ ኦክስጅን፣ አምቡ ባግ የት ናቸው? አምቡ ባጉ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ቁልፉ ቤቷ ከሄደች ልጅ ጋር ያለበት ሆስፒታል አውቃለሁ። በዚያ ሌሊት የተዋረድነውን ውርደት እንድታዪው አልፈልግም።

ሕመምተኛው ሲገባ በጎኑ አስተኚው፣ ኦክስጅን አድርጊለት፣ ስኳሩን ለኪ። ይህን የስኳር ነገር ማንም አያስረሳሽ፤ ስኳሩ ወርዶ የሚንቀጠቀጥን ሰው ጉልኮስ እንጂ ዳያዜፓም አያድነውም። አረቄ የለመደ ወይም በምግብ እጦት የተጎዳ ከሆነ ታያሚን እንዲቀድም ሐኪሙን አስታውሺው። አንዷ እጅ ስትሰጥ ሌላዋ ትጠይቅ፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ። ክኒን ይወስድ ነበር? መቼ አቋረጠ? ትኩሳት አለው? አንገቱ ደርቋል? ከቆላ ነው የመጣው? ወባም ማጅራት ገትርም የሚጥል በሽታ መስለው ይመጣሉ። ሴት ከሆነች እርጉዝ መሆኗን ጠይቂ፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

አስታማሚው አልጋውን ይከብበዋል፤ አንዱ እጁን ይይዛል፣ አንዱ ጉልበቱ ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ ማንኪያ አፉ ውስጥ ሊያስገባ ይታገላል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። አትቆጫቸው። ደንግጠው ነው። ከመካከላቸው የሚሰሙትን ሽማግሌ ፈልጊና «አባባ፣ አፉ ውስጥ ምንም አይገባም፣ ጥርሱ ይሰበራል፤ ክብሪቱንም ያጥፉልኝ፣ ኦክስጅን አጠገብ እሳት አደገኛ ነው፤ እርስዎ ራሱን ብቻ ደግፈው ይያዙልኝ» በዪ። ሥራ የተሰጠው ሽማግሌ ሌላውን ሁሉ ያስወጣልሻል።

መጀመሪያ የምትሰጪው ዳያዜፓም ነው። ለአዋቂ 10 ሚሊግራም በደም ሥር ይሰጣል፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ5 ሚሊግራም አይለፍ። የሚንቀጠቀጥ ክንድ ላይ ደም ሥር ማግኘት ከባድ ነው። ረዳትሽ ክርንና አንጓውን አልጋው ላይ ትያዝልሽ፤ አንቺ ከክርን ወደ ታች ያለውን ወፍራም ደም ሥር ፈልጊ። ካልተገኘ ግን እየወጋጋሽ ደቂቃ አታባክኚ። ለልጅ ዳያዜፓም በፊንጢጣ ይሰጣል፤ ለአዋቂም ሚዳዞላም ካለ በጡንቻ ይሠራል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ካልቆመ ዳያዜፓሙ አንዴ ይደገማል። ሦስተኛና አራተኛ እየደጋገሙ መቆየት የብዙ ሆስፒታል ችግር ነው፤ መንቀጥቀጡ ሳይቆም መተንፈሱ ይቆማል። ሁለተኛው ካልሠራ ወደሚቀጥለው መድኃኒት እለፊ፤ ሐኪሙ ተኝቶ ቢሆን ቀስቅሺው። ነርስ ሐኪም ስለቀሰቀሰች የሚቆጣ ሐኪም ካለ ቁጣውን ቻዪው፤ ነገ ይረሳዋል።

አሁን ዋናው ጉዳይ ደረሰ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለፌኒቶይን የተተረተ ይመስለኛል። ለአዋቂ በኪሎ 20 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1,200 ሚሊግራም ይወስዳል ማለት ነው፤ አምፑሉ 250 የሚይዝ ከሆነ 5 አምፑል ሊሆን ጥቂት ይጎድለዋል። በደቂቃ ከ50 ሚሊግራም መብለጥ ስለሌለበት ቢያንስ 24 ደቂቃ አጠገቡ ትቆሚያለሽ። ለሽማግሌና ለልብ ሕመምተኛ ከዚያም በግማሽ ይቀንሳል። ቢፈጥን የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ የልብ ምቱ ይዛባል፣ ሰው ይሞታል። በየ5 ደቂቃው ግፊቱን ለኪ፤ ከወረደ ጠብታውን ቀንሺ ወይም አቁሚና ሐኪሙን ጥሪ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህን ግን አፍስሶ መልቀም የለም።

ፌኒቶይን የሚሄደው ከሳላይን ጋር ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ ጉልኮስ ውስጥ ስትጨምረው አጠገቧ ነበርኩ። ጥርት ያለው ፈሳሽ ዓይናችን እያየ ደፈረሰ፤ ከዚያ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ወደ ታች መዝቀጥ ጀመረ። ቱቦውን ወዲያው ዘጋንና ሁሉን ጥለን ከአዲስ ጀመርን። ያ ዱቄት ደም ሥር ቢገባ የሚያደርሰውን አስቢው። ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት መስመሩን በሳላይን እጠቢ፣ ስትጨርሺም እጠቢ። የእጅ ጀርባ ላይ ያለችውን ቀጭን ደም ሥር ተዪያት፤ መድኃኒቱ ከደም ሥሩ ሾልኮ ሥጋ ውስጥ ከገባ እጁ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ አንዳንዴ ሥጋው ይሞታል። ሕመምተኛው ራሱን ስለሳተ «አመመኝ» አይልሽም፤ አንቺ ነሽ ክንዱን እየገለጥሽ የምታዪው። ዳያዜፓምንም ከሌላ መድኃኒት ጋር በአንድ ስሪንጅ አትቀላቅዪ።

ፌኖባርቢታል ከሁሉ አሮጌው ነው፤ በፈረንጆቹ 1912 ጀርመን አገር ለሚጥል በሽታ ዋለ፤ ዛሬም ገጠራችንን የያዘው እሱ ነው። በደም ሥር ሲሰጥ በኪሎ ከ15 እስከ 20 ሚሊግራም ሆኖ በደቂቃ ከ100 አያልፍም። ከዳያዜፓም ቀጥሎ ሲገባ ሁለቱ ተባብረው እስትንፋስን ያደክማሉ። ስለዚህ የደረቱን መነሣትና መውረድ በዓይንሽ ቁጠሪ፤ የጣት ኦክስጅን መለኪያው ብቻ አያጽናናሽ። አምቡ ባጉ ራስጌው ላይ ይሁን።

በሌላ በኩል ደግሞ ፈርቶ ማሳነስ አለ፤ እሱም ይገድላል። 1,200 ሚሊግራም ለሚያስፈልገው የ60 ኪሎ ሰው 100 ሚሊግራም ብቻ ሰጥቶ «ፌኒቶይን ወስዷል፣ አልሠራም» ብሎ ካርድ ላይ መጻፍ ሕመምተኛውን ማታለል ነው። ሙሉውን መጠን በዝግታ ስጪ። ሁለቱ አይጣሉም።

ከተማ የሚሠሩ ጓደኞችሽ ስለ ሌቬቲራሴታምና ስለ ቫልፕሮዌት መርፌ ይነግሩሻል። ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ግፊትን እንደ ፌኒቶይን አይጥሉም። ነገር ግን ዳያዜፓም ላላስቆመው መንቀጥቀጥ ሌቬቲራሴታምን፣ ፎስፌኒቶይንንና ቫልፕሮዌትን አወዳድሮ በፈረንጆቹ 2019 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ሦስቱም ከሞላ ጎደል እኩል መሆናቸውን አግኝቷል፤ እያንዳንዱ ግማሽ ያህሉን አስቁሟል። ስለዚህ የሌለሽን እያማረርሽ ያለሽን አታሳንሺ። ፋርማሲው ግን ዝርዝሩ ላይ ጽፎ መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ዝም አትበዪ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እያሉ የሚታከም ሰው የለም። ባዶ የሆነበትን ቀን መዝግበሽ ለክፍሉ ኃላፊ ስጪ፤ በሚቀጥለውም ወር ስጪ። ጥያቄሽን የሚሰለቹ ይኖራሉ። ይሰልቹ።

ወደ እርጉዟ ልመለስ። ከ5 ወር በኋላ ያለች እርጉዝ ወይም በቅርቡ የወለደች ሴት እየተንቀጠቀጠች ከመጣችና ግፊቷ ከፍ ካለ፣ የሚጥል በሽታ ነው ብለሽ በፌኒቶይን አትጀምሪ። ይህ የእርግዝና ግፊት ነው፤ መድኃኒቱ ማግኒዥየም ሰልፌት ነው። 4 ግራም በደም ሥር ከ5 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ ቀስ ብሎ ይገባል፤ ከዚያ በየመቀመጫዋ 5 ግራም በጡንቻ። ቀጣዩን ከመስጠትሽ በፊት ሦስት ነገር እዪ፤ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 አይነስ፣ ጉልበቷ ሲነካ ይወርወር፣ ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊሊትር አይነስ። ትንፋሿ ቢደክም የሚሰጣት ካልሲየም ግሉኮኔት አጠገብሽ ይኑር። እናትና ልጅ በአንድ ሌሊት ሲጠፉ አይቻለሁና ይህን በቃልሽ አጥኚው።

በስልክ ስናወራ ስለ ማይግሬን የጠየቅሽኝንም አልዘነጋሁም። እዚያው ቡታጅራ ላይ የፕሮፌሰር ረዳ ቡድን ስለ ራስ ምታትም አጥንቶ ነበር፤ በዓመት ውስጥ ማይግሬን የያዘው ከ100 ሰው 3 ነበር፣ ከሴቶች 4.2፣ ከወንዶች 1.7። ብዙዎቹ ሐኪም ጋር አይሄዱም፤ በነጠላ ራሳቸውን አጥብቀው አስረው ጨለማ ክፍል ይተኛሉ። ድንገተኛ ክፍል የምትደርሰው ሴት ሦስት ቀን ያስታወካት፣ ክኒን የማይረጋላት ናት። ለእሷም መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ማስታወክ የሚያቆም ሜቶክሎፕራሚድና የሕመም ማስታገሻ ይታዘዝላታል። እሱ ካልሠራ አንዳንድ ሐኪሞች ቫልፕሮዌት ከ500 እስከ 1,000 ሚሊግራም በደም ሥር ያዛሉ፤ ለመንቀጥቀጥ የተሠራ መድኃኒት የራስ ምታትንም ያበርዳል። ከመስጠትሽ በፊት ግን እርጉዝ ናት ወይ ብለሽ ሁለት ጊዜ ጠይቂ፤ ቫልፕሮዌት ፅንስን ክፉኛ ይጎዳል፣ የጉበት ሕመም ላለባትም አይሆንም። በባሏ ፊት አትጠይቂያት፤ ለብቻዋ አድርጊ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለ፣ በሰው ፊት የተጠየቀች ሴት ደግሞ መደበቋ አይቀርም። በድንገት እንደ መብረቅ የወደቀባት ራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ አንድ ጎን መስነፍ ካለ ደግሞ ማይግሬን ነው ብሎ መርፌ ወግቶ መሸኘት አይገባም።

ሰው ጉልኮስ ካልተንጠለጠለለት ታከምኩ አይልም፤ ይህንንም ትሰሚያለሽ። አንድ ጊዜ ጥሎት አሁን የነቃ፣ ቁርሱን የሚበላ ሰው ቤተሰብ «ሲስተር፣ መርፌ ውጉልን እንጂ» ብሎ ይለምንሻል። የደም ሥር መርፌ ላሁኑ ችግር ነው፤ ለነገው የሚሆነው ክኒን ነው። መዋጥ የሚችል ሰው ይዋጥ። ይህን በትዕግሥት አስረጂ፤ መርፌ የከለከልሽ አይምሰላቸው።

የሰጠሽውን ሁሉ ወዲያው ጻፊ። ስንት ሰዓት ጣለው፣ ስንት ሰዓት ዳያዜፓም ገባ፣ ስንት ሚሊግራም፣ መቼ ቆመ። በቃል ያለ ይረሳል በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ቢባል ያቺ ወረቀት ከሌለች እዚያ ያለው ሐኪም መድኃኒቱን ይደግመዋል፤ እንዲህ ሁለት ጊዜ የተሰጠው ሰው ደግሞ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።

ሲድን አስቀምጪውና ለምን እንደመጣ አብራችሁ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ክኒኑ መቋረጡ ነው። አንዱ ጸበል ሲገባ፣ አንዱ አብሬት ለዝያራ ሲሄድ «በእምነቴ ልጽና» ብሎ ያቆማል። እምነቱን አትንኪበት። እኔም ሰው ነኝ፣ ጸበል እጠጣለሁ። «ክኒኑን በጸበሉ ዋጠው» በዪው፤ የሃይማኖት አባቱንም አግኝተሽ አነጋግሪ፤ ከአንቺ ይልቅ የእሱን ቃል ይሰማል። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ የማይቆም መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ይህንን ያልሰማ ቤተሰብ እንዳይወጣ። ወጣት ሴት ከሆነች ማግባትና መውለድ እንደምትችል ንገሪያት፤ ብዙዎቹ አይችሉም ተብለው ተነግሯቸዋል። የምትወስደው ቫልፕሮዌት ከሆነ ግን ሳታረግዝ ሐኪሟን ታማክር፤ ፎሊክ አሲድም ይጀመርላት። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ነውና ስለ እሳቱ፣ ስለ ወንዙና ስለ ዛፍ መውጣትም ንገሪያቸው፤ ምድጃው አጠገብ ብቻዋን አትዋል።

ቀጠሮ ስትሰጪ የእኛን ሰው አካሄድ አስቢ። መስከረም ላይ ከመርካቶ፣ ከአዳማ፣ ከሐዋሳ ሁሉም ለመስቀል ወደ አገሩ ይገባል፤ ሙስሊሙ ደግሞ አረፋ በሚውልበት ወር። ሌሊቱን ሲጓዝ ያድራል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ጠጅና አረቄ ይቀርባል፣ ክኒኑ አዲስ አበባ ትራስ ሥር ቀርቷል። በዚያ ሳምንት ድንገተኛ ክፍል ምን እንደሚመስል ዘንድሮ ታዪዋለሽ። ስለዚህ ከነሐሴ ጀምሮ የሚመጣውን የክትትል ሕመምተኛ ሁሉ በዓሉን የት እንደሚያሳልፍ ጠይቂው፤ ፋርማሲው ከፈቀደ የሁለት ወር መድኃኒት ይሰጠው፣ የመድኃኒቱም ስምና መጠን በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ኪሱ ይግባ። ተራሽ በመስቀል ሳምንት ከሆነ ለክፍሉ ኃላፊ አስቀድመሽ ተናገሪና ዳያዜፓሙን፣ ፌኖባርቢታሉንና ሳላይኑን ከመስከረም 10 በፊት አስሞዪ። እኔም ቡታጅራ ነኝ፤ ሌሊትም ቢሆን ከከበደሽ ደውዪ።